ዳር የሚወድ ዓሣ

ዓሣ ማጥመድ የጀመረ ሰው ሐይቅ ዳር ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አለ። ዘንጉን ወደ ኋላ ይወስድና ባለ በሌለ ጉልበቱ ክሩን ወደ መሐል ይወረውራል። ሩቅ ሲሆን ዓሣው የሚበዛ፣ ጥልቅ ሲሆን ዓሣው የሚተልቅ ይመስለዋል። ማንም ይህን አላስተማረውም፤ የሰው ልብ እንዲሁ ሩቁን ያምናል። ባስ የሚባለው ዓሣ ግን አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ዳር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ወርዋሪው ከቆመበት ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ፣ ውኃ ውስጥ በወደቀ ግንድ ጥላ ሥር፣ አፉን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ቆሟል። በጎኑ፣ ከስንጥቡ እስከ ጭራው፣ የውኃን እንቅስቃሴ የሚያዳምጥበት ስስ መስመር አለው። ስለዚህ የሰውየው ኮቴ መሬቱን ሲመታ ገና ሳያየው ያውቀዋል።

ዳር ስል ውኃና መሬት የሚገናኙበትን ብቻ ማለቴ አይደለም። በውኃ ውስጥ ብዙ ዳር አለ። ሣሩ የሚያልቅበት አለ፤ ጥላውና ፀሐዩ የሚለያዩበት አለ፤ ድንጋዩ አብቅቶ ጭቃው የሚጀምርበት፣ ጠለል ያለው ውኃ ከደፈረሰው የሚገናኝበት፣ ጉልበት የማያልፈው ውኃ በድንገት ሰው ወደሚያሰጥም ጥልቀት የሚወርድበት አለ። ባስ እነዚህን ሁሉ ይወዳል፤ ምክንያቱም አሳድዶ ከመያዝ ይልቅ አድብቶ መያዝ ይቀናዋል። ሰውነቱ ለረጅም ሩጫ ሳይሆን ለአንድ ፈጣን ውርወራ የተሠራ ነው። የዐይን ቆብ ስለሌለው ደማቅ ፀሐይን ጨፍኖ ሊያሳልፍ አይችልም። ደግሞም ጥላ ውስጥ የቆመ ብርሃን ላይ ያለውን ጥርት አድርጎ ያያል፤ ብርሃን ላይ ያለው ግን ጥላ ውስጥ ያለውን አያይም። ማታ መብራት አብርቶ ሳሎን የተቀመጠ ሰው በመስኮቱ ማዶ ጨለማ ውስጥ የቆመውን አያይም፤ ነገሩ እንደዚያው ነው። ትንሹ ዓሣ በዚያ በኩል ሲያልፍ የባሱ አፍ በድንገት ይከፈታል፤ አፉ ሲከፈት ውኃው ከነዓሣው ወደ ውስጥ ይሳባል። ሁሉም ነገር ዐይን ተርገብግቦ እስኪያበቃ እንኳ አይቆይም።

እኔ የማውቀው የባስ አገር ዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ነው። የእኛ ሰው በብዛት የሰፈረበት ሰሜን ቨርጂኒያና የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለባስ አጥማጅ የተመቸ ነው። በርክ ሌክ አለ፤ ኒድውድ አለ፤ ቦይድስ አጠገብ ሊትል ሴኔካ አለ። ሦስቱም በግድብ የተሠሩ ሐይቆች ናቸው፤ ሦስቱም ውስጥ ባስ አለ። ቅዳሜ ጧት ሰዎቻችን ሕፃን በጋሪ እየገፉ፣ በስልክ እያወሩ፣ ለጤናቸው በእግር ሲዞሯቸው አያለሁ። የእግር መንገዱ አንዳንድ ቦታ ከውኃው ሁለት እርምጃ አይርቅም። እንዲህ ቀርበው ባሱን ሳያዩት ማለፋቸው ይቆጨኛል።

ቆም የሚል ግን አይጠፋም። ከእነዚህ ሐይቆች በአንዱ ዳር ዘወትር የሚገኙ አንድ አዛውንት አሉ። ታጣፊ ወንበር፣ አንድ ዘንግ፣ ሻይ የሞላ ፔርሙዝ፣ ትንሽ ሬዲዮ፤ ሌላ ዕቃ የላቸውም። አንድ ጧት ስፖርት ሲሠራ የመጣ ወጣት አማርኛ ሬዲዮ ሲሰማ ጊዜ ወደ እሳቸው ቀረበና ውኃው አፋፍ ላይ ቆመ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ተያዘልዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። ገና ነው። ያቺ አንተ የቆምክባት ናት ጥሩዋ ቦታ።»

ልጁ ደንግጦ ወደ ኋላ ሊል ሲል፣ «ግዴለም፣ አሁን ከተነሣህ ይብስባታል። ዝም ብለህ ቁጭ በል። ዓሣዋ ትመለሳለች» አሉት። ተቀመጠ። ሻይ ቀዱለት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዘንጋቸውን አልነኩም፤ በጣታቸው ብቻ እያመለከቱ ያሳዩት ነበር። እዚያ ቅጠሉ ተነቃነቀ፣ ንፋስ የለም፤ እዚያ ማዶ ትንንሾቹ ዓሦች በአንድ ጊዜ ከውኃው ብቅ ብለው ተበተኑ፣ ያስደነገጣቸው አለ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። ውኃ ዳር ሲደርሱ መጀመሪያ መቀመጥ፣ ማየት፣ ከዚያ መወርወር። እነዚህ ሐይቆች ላይ ረጅም እግር ያለው፣ ሰማያዊ የሚመታ ግራጫ ሳቢሳም አለ። እሱም መሐል ገብቶ አያውቅም፤ ጉልበቱ በሚደርስ ውኃ ውስጥ እንደ ተተከለ ቆሞ ይጠብቃል። እሱ የቆመበት ዳር ትንንሽ ዓሣ አለ ማለት ነው፤ ትንንሽ ዓሣ ያለበት ደግሞ ባስ ሩቅ አይሆንም።

የፀሐይን ነጸብራቅ የሚቆርጠው ፖላራይዝድ የሚባለው መነጽር ውኃ ውስጥ ለማየት ከማንኛውም ዕቃ በፊት ቢገዛ አይቆጭም። እሱን አድርገው ሲያዩ ብልጭልጩ ይገፈፍና ወለሉ ይታያል፤ ግንዱ፣ ድንጋዩ፣ በጸደይ ወራት ደግሞ ብሉጊል የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች በአሸዋው ላይ የጠረጓቸው ክብ ክብ ጎጆዎች።

ስለ ዕቃ ከተነሣ፣ የአሜሪካ የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ሰውን ግራ ያጋባል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በየቀለሙ የፕላስቲክ ትል፣ እንቁራሪት፣ ከእንጨት የተቀረጸ ዓሣ፣ የሚሽከረከር የብረት ቅጠል ተንጠልጥሎበታል። ጀማሪ የሚያስፈልገው ከዚያ ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ነው። ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ዘንግ፣ 2500 የሚል ቁጥር ያለበት ስፒኒንግ ሪል፣ 8 ወይም 10 ፓውንድ የሚሸከም ናይለን ክር፣ አንድ ፓኬት የፕላስቲክ ትል፣ አንድ ፓኬት 3/0 የሚባለው መንጠቆ። ዘንግና ሪሉ አንድ ላይ ተገጥሞ ከ40 እስከ 70 ዶላር ባለው ዋጋ ደህናው ይገኛል። ከዚያ በላይ የሚወጣው ገንዘብ ለኋላ ይቆይ። ፈቃዱ ግን አይቆይም። በቨርጂኒያም በሜሪላንድም 16 ዓመት የሞላው ሰው የማጥመጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ በኢንተርኔት ወዲያው ይወጣል።

የዕቃ ብዛት ዓሣ እንደማያመጣ ለማሳየት የጆርጅ ፔሪ ታሪክ ይበቃል። ፔሪ የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ወጣት ገበሬ ነበር። ጁን 2 ቀን 1932 እ.ኤ.አ. ከጓደኛው ከጃክ ፔጅ ጋር ሞንትጎመሪ ሌክ ወደሚባል ውኃ ሄደ። ኢኮኖሚው የወደቀበት የችግር ዘመን ነበር። ለሁለቱም የነበራቸው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ አንድ ብቻ ስለነበረ በተራ ይወረውሩ እንደነበር ይነገራል። በዚያች ማጥመጃ የወጣው ባስ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ መዘነ፤ በእኛ ከ10 ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። ፔሪ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ቤተ ሰቡ ተመገበው። የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ እስከ 2009 ብቻውን ቆየ። በዚያ ዓመት ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ ከቢዋ ሐይቅ አንድ አውንስ እንኳ የማይሞላ ብልጫ ያለው ባስ አወጣ። ደንቡ አዲስ ክብረ ወሰን ለማስመዝገብ ቢያንስ የ2 አውንስ ብልጫ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሁለቱ እኩል ተብለው አብረው ተመዘገቡ። ከፔሪ በኋላ በመጡት ዓመታት የተፈለሰፈው ጀልባና የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ስንት ነው! ያቺ በተራ የምትወረወር አንድ ማጥመጃ ግን እስከ ዛሬ ከላይ ናት።

የፕላስቲኩን ትል ለገበያ ያበቃው ኒክ ክሪም የተባለ የኦሃዮ፣ የአክረን ከተማ ሰው ሲሆን ዘመኑም 1949 ነው። ለጀማሪ ከሁሉም የሚመረጠው እሱ ነው፤ ጥበቡ ያለው አሰካኩ ላይ ነው። ቴክሳስ ሪግ የሚሉት አሰካክ እንዲህ ነው። የመንጠቆው ጫፍ በትሉ ራስ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ይገባና በጎን ይወጣል። ትሉ በመንጠቆው አንገት ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ወደ ላይ ይገፋል። ከዚያ መንጠቆው ይዞራል፤ ጫፉ ወደ ትሉ ሆድ ያያል። አሁን ትሉን ቀጥ አድርጎ አንጠልጥሎ፣ ጫፉ የት ላይ እንደሚያርፍ በዐይን መለካት ያስፈልጋል፤ እዚያው ላይ ይወጋና በጀርባው በኩል ይወጣል። በመጨረሻ ጫፉ የትሉ ቆዳ ውስጥ ፀጉር ታህል ተመልሶ ይሸጎጣል። በጣት ሲዳሰስ ሹሉ አይወጋም። በዚህ ምክንያት ሣር ውስጥ ቢገባ ሣር አይዝም፤ ግንድ ላይ ቢያርፍ ግንድ አይነክስም፤ ባሱ አፉን ሲገጥም ግን ቆዳው ተሰንጥቆ ሹሉ ይወጣል። ትሉ ከተጣመመ ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ ክሩን ስለሚያጠማዝዝ ነቅሎ እንደገና መሰካት ይሻላል። ጥይት የመሰለች 5 ግራም ገደማ የሆነች ክብደት ከፊቱ አስገብቶ መሥራት ይቻላል። ጥልቀት በሌለው ውኃ ግን ያለ ክብደት ዝም ብሎ ሲሰምጥ ይበልጥ ይማርካል።

ቋጠሮውም አንድ ይበቃል። ፓሎማር ይባላል። ክሩ ታጥፎ ድርብ ይሆንና በመንጠቆው ቀለበት ያልፋል፤ በድርቡ ላላ ያለ ተራ ቋጠሮ ይታሰራል፤ መንጠቆው በድርቡ ማጠፊያ ውስጥ ያልፋል። ከመጥበቁ በፊት ክሩ በምራቅ መርጠብ አለበት። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በፍትጊያ ይግላል፤ የጋለ ክር ይደክማል፤ የደከመ ክር ደግሞ የሚበጠሰው ትልቁ ዓሣ ሲመጣ ነው። አዛውንቱም ልጁን ያስተማሩት ይህንኑ ነበር፤ ክሩን ከንፈራቸው መሐል አድርገው እያረጠቡ፣ ቀስ ብለው እየጎተቱ። ከዚያ የተረፈውን ክር ቆርጠው መሬት አልጣሉትም፤ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ናይለን አይበሰብስም፤ የወፍ እግር ተብትቦ ይይዛል። ይህን የማያደርግ አጥማጅ ሲያጋጥመኝ እናደዳለሁ።

ውርወራውን ጓሮ ሣር ላይ መለማመድ ይቻላል። ክሩን በሌባ ጣት ይዞ፣ የሪሉን ሽቦ ከፍቶ፣ ዘንጉ ወደ ፊት ሲመጣ ጣትን መልቀቅ፤ ሽቦውን በእጅ መዝጋት። ጉልበት አይጠይቅም። ጀማሪው ሊለማመድ የሚገባው ርቀትን ሳይሆን ዒላማን ነው። ባልዲ አስቀምጦ ከአሥር እርምጃ ባልዲው ውስጥ መጣል የቻለ ሰው ግንድ ሥር መጣል ይችላል፤ ባስ ለመያዝም ይኸው ይበቃል።

ትሉ ውኃውን ከነካ በኋላ ነው ትዕግሥቱ የሚመጣው። ብዙውን ጊዜ ባስ የሚወስደው ትሉ ሲሰምጥ ነው፤ ስለዚህ ክሩ ትንሽ ላላ ብሎ ይተዋል፤ ዐይን ከክሩ ላይ አይነሣም። ወለል ሲደርስ ዘንጉን በዝግታ ከፍ፣ መልሶ ዝቅ። አንዳንዴ ባሱ ሲወስደው እንደ ጣት ኳኳታ በዘንጉ በኩል ይሰማል። አንዳንዴ ምንም አይሰማም፤ ክሩ ብቻ ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል። ንፋስ ሳይኖር፣ ጅረት ሳይኖር፣ ክር ወደ ጎን ሲሄድ ማየት ልብ ያስደነግጣል። ያን ጊዜ የላላውን ክር ጠቅልሎ ዘንጉን ጠንከር አድርጎ ማንሣት ነው። ባሱ ፕላስቲክ መሆኑን ካወቀ ይተፋዋል፤ ለማወቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ባሱ ሲወጣ እጅን አስቀድሞ ውኃ ማስነካት ያስፈልጋል፤ ገላው ላይ ያለው ልጋግ ከበሽታ የሚጠብቀው ስለሆነ ደረቅ እጅ ይገፈዋል። ባስ የሚያዘው በታችኛው ከንፈሩ ነው፤ አውራ ጣት አፉ ውስጥ፣ ሌላው ጣት አገጩ ሥር። ጥርሱ ሞረድ የመሰለ ሸካራ ነው፤ አይቆርጥም። ተለቅ ካለ ሆዱን በሌላው እጅ መደገፍ አለበት፤ ክብደቱ ሁሉ መንጋጋው ላይ ሲያርፍ ይጎዳል። ለጥቂት ሰከንድ ቀርቦ ማየት ደግ ነው። ላርጅማውዝ የሚሉት አፈ ሰፊው ባስ ጀርባው አረንጓዴ ነው፣ በጎኑ ጥቁር የተቆራረጠ መስመር ይሄዳል፣ የላይኛው መንጋጋው ከዐይኑ አልፎ ይደርሳል። ስሞልማውዝ የሚሉት ወንድሙ ነሐስ ይመስላል፣ ዐይኑ ቀላ ይላል፣ መንጋጋው ዐይኑን አያልፍም፤ የሚወደውም ድንጋያማና ወራጅ ውኃ ነው።

ይህ ስሞልማውዝ ለፖቶማክ ወንዝ መጤ ነው። በ1854 ከዊሊንግ ከተማ አካባቢ የተያዙ ጥቂት ዓሦች በባቡር፣ ከሎኮሞቲቩ ኋላ በሚጎተተው የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ተደርገው፣ ተራራ አቋርጠው ኩምበርላንድ ሜሪላንድ ደረሱና ፖቶማክ ገቡ። ሐዲዱ ዊሊንግ ከደረሰ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ዛሬ በላይኛው ፖቶማክ ያለው ስሞልማውዝ የእነዚያ ዘር ነው። የባስ ስደት ሁልጊዜ እንዲህ መልካም ሆኖ አይቀርም። ጃፓን በ1925 ላርጅማውዝን አሺ ሐይቅ ውስጥ አስገባች፤ ባሱ ተዛምቶ ያገሬውን ትንንሽ ዓሣ ስለ ፈጀ ከ2005 ጀምሮ ማርባቱም ሆነ ከነሕይወቱ ከቦታ ቦታ ማጓጓዙ በሕግ ተከልክሏል። ከአንድ ሐይቅ የያዙትን ባስ በባልዲ ወስዶ ሌላ ውኃ ውስጥ መልቀቅ ነውር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ፋሲካ ሰሞን፣ ውኃው 16፣ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ፣ ወንዱ ባስ ወደ ዳር ይወጣል። በጭራው ወለሉን እየጠረገ ክብ ጎጆ ያበጃል። እንስቷ ዕንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ የሚቀረው አባትየው ነው። ሌት ተቀን በላዩ ላይ እየዞረ፣ በክንፉ ውኃ እያራገበ፣ የቀረበውን ሁሉ እያባረረ ይጠብቃል። ሲፈለፈሉም ከጥቁር ደመናቸው አይለይም። አገራችን ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ሄዶ አባ ኮዳ በሚርመሰመስበት ዳር ቆሮሶ የበላ ሰው ይህን ቢያይ ይገርመዋል፤ በቆሮሶ ዘንድ ዕንቁላሉን የምትጠብቀው እናትየው ናት፤ አፏ ውስጥ ይዛ። የባሱን አባት ከጎጆው ላይ ማውጣት ቀላል ነው፤ ማንኛውንም ነገር ስለሚያጠቃ። ግን እሱ ለጥቂት ደቂቃ ሲነሣ ብሉጊሎቹ ዕንቁላሉን ይጨርሱታል። አንዳንድ ውኃ ላይ ሕጉ ራሱ በዚህ ወቅት የተያዘ ባስ ወዲያው እንዲለቀቅ ያዛል። ሕጉ ባይኖርም ጎጆ ላይ ያለውን ባስ አይቶ ማለፍ ይበቃል ባይ ነኝ።

የያዙትን መልቀቅ ለእኛ ሰው መጀመሪያ ይከብደዋል። ሰው ዓሣ የሚያጠምደው ለመብላት አይደለም እንዴ? አሜሪካኖቹም እስከ ቅርብ ጊዜ እንደዚያው ነበሩ። በ1968 የባስ አጥማጆችን ማኅበር የመሠረተው የአላባማው የኢንሹራንስ ሻጭ ሬይ ስኮት ነው፤ በ1972 በውድድሮቹ ላይ የተያዘው ባስ ከነሕይወቱ ተመዝኖ እንዲለቀቅ ደነገገ፤ ልማዱም ከዚያ ተስፋፋ። ዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። ፖቶማክና አናኮስቲያ ወንዞች ውስጥ ፒሲቢ የሚባል የቆየ የፋብሪካ ኬሚካል በዓሦች ገላ ውስጥ ስለሚጠራቀም መንግሥት የትኛው ዓሣ ምን ያህል መበላት እንዳለበት መመሪያ ያወጣል። ለጾም ዓሣ ጠብሶ ቤተ ሰብ ለማብላት ያሰበ ሰው መመሪያውን ያንብብ፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ካሉ።

ሐይቁን ዞሮ ዞሮ የት ልጀምር ለሚል ጀማሪ አንድ ነገር ልጨምር። ንፋስ ሲነሣ ሰው ሁሉ ጀርባውን ለንፋስ ሰጥቶ ይቆማል፤ ክሩ ይርቅለታል፣ ፊቱም አይቀዘቅዝም። ባሱ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ንፋሱ በሚመታው ማዶ ነው። ንፋሱ በውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ሕይወት ወደዚያ ዳር ይገፋዋል፤ ትንንሾቹ ዓሦች እሱን ይከተላሉ፤ ባሱም እነሱን። የውኃው መታወክም ክሩንና ሰውየውን ይሸሽግለታል። ስለዚህ ዞሮ ሄዶ ፊትን ለንፋስ መስጠት ነው። ውርወራው ዝቅ ብሎ፣ ከወገብ አካባቢ፣ ውኃውን ታክኮ ይሂድ፤ ከፍ ካለ ንፋሱ ክሩን ይዘረግፈዋል። ያቺን 5 ግራም ክብደት የሚያስገቡትም እዚህ ላይ ነው። ከዳሩ ጋር ትይዩ፣ ሣሩ የሚያልቅበትን መስመር ተከትሎ፣ ቀኝና ግራ መወርወር ነው።